የሉል ጌጥ በሙጫ ሲጠገን፦ ለምን ይወልቃል? እንዴትስ ይጸናል?

በዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ «ሉል» ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን «ሉላዊነት» ነው። በየክፍል ሥራችን ላይ ስለሚመጣብን አይፈረድብንም። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ስለዚያኛው ሉል አይደለም። በሴቶች ጆሮና አንገት ላይ ስለሚውለው፣ ውስጡ ብርሃን ያለበት ስለሚመስለው ነጭ ድቡልቡል ጌጥ ነው። ከዚያም ውስጥ አንድ ጠባብ ጉዳይ ብቻ መርጫለሁ፦ ሉሉ ከጉትቻው ወይም ከቀለበቱ ሲወልቅ በሙጫ እንዴት ቢመለስ ይቆያል?

ይሄ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ርዕስ ነው እንዴ የሚል ይኖራል። ነው ባይ ነኝ። «እንዴት ይሠራል» የሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ቀላል መስሎን እንንቀዋለን። ብዙ ጊዜም «በጥሩ ሙጫ ይለጠፋል» ተብሎ ይታለፋል። የትኛው ሙጫ? ምን ያህል? ለስንት ሰዓት? ለምንስ ያኛው አልሆነም? አንባቢው ዕቃውን በእጁ ይዞ ነው የሚያነበን፤ በግምት የጻፍነው አንድ ቃል ዕቃውን ሊያጠፋበት ይችላል።

ዕቃው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተራ ዕቃ አይደለም። እናት ለልጇ ያወረሰችው፣ ለሠርግ የተሰጠ፣ ወይም ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህት ይዛው የመጣችው ይሆናል። አክስቴ ባሕሬን አራት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ለአያቴ አንድ ጥንድ የሉል ጉትቻ አምጥታላቸው ነበር። ባሕሬን መቼም የድሮ የሉል አገር ናት፤ የሉል ጠለቃ ታሪኳ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። (ለነገሩ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ከምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት የዳህላክ ደሴቶች ዙሪያም ጠላቂዎች ሉል ያወጡ ነበር።) ታዲያ አንደኛው ሉል ሲወልቅ ሰፈራችን ያለ አንድ ጌጥ ጠጋኝ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መለሰላቸው። በሦስተኛው ወር ወለቀ። አሁንም ሱፐር ግሉ። ለሦስተኛ ጊዜ የወለቀው ሠርግ ላይ ነው፤ አያቴ ቤት ሲገቡ ጆሯቸው ላይ የቀረው ሽቦው ብቻ ነበር። ጠጋኙን ሰነፍ ለማለት አይደለም፤ ፈጣን ሥራ ነው የተጠየቀው፤ እሱም ፈጥኖ ሠራ። የተጠቀመበት ነገር ግን ለዚያ ቦታ የሚሆን አልነበረም።

ሉል ምን ዓይነት ነገር ነው?

ሉል ድንጋይ አይደለም፤ ከማዕድን ጉድጓድም አይወጣም። በባሕር ወይም በሐይቅና በወንዝ ውስጥ የሚኖር፣ ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ለባሽ እንስሳ፣ ሰውነቱ ውስጥ የገባበትን ባዕድ ነገር ከራሱ በሚወጣ ፈሳሽ ደጋግሞ ሲሸፍነው የሚፈጠር ነው። ሽፋኑ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ የተሠሩበት ማለት ነው። ልዩነቱ አደራደሩ ላይ ነው። እጅግ በጣም ቀጫጭን ጠፍጣፋ ክሪስታሎች እንደ ግንብ ጡብ ይነባበራሉ፤ በመካከላቸው ኮንኪዮሊን የሚባል ፕሮቲን ገብቶ ያያይዛቸዋል፤ ጥቂት ውሃም አለበት። ያ ከውስጥ የሚወጣ የሚመስለው ብርሃን ከዚህ ንብርብር የሚመጣ ነው።

ለጥገና ሥራ ከዚህ የምንወስደው ብዙ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፤ ሎሚም ሆነ አቼቶ አይወድም። ክሊዎፓትራ ሉል በአቼቶ አሟሙታ ጠጣች የሚለውን ታሪክ የጻፈው ሮማዊው ፕሊኒ ነው። ታሪኩ ቢጋነንም ከኋላው ያለው ኬሚስትሪ እውነት ነው። ፕሮቲንና ውሃ ስላለበት ደግሞ ሙቀት ያደርቀዋል፤ ይሰነጥቀዋል፤ ቀለሙንም ያጠፋዋል። ልስላሴውም ሌላ ጣጣ ነው፦ አልማዝ 10 በሚያገኝበት የሞህስ መለኪያ ሉል የሚያገኘው ከ2.5 እስከ 4.5 ነው። ምላጭም ሆነ ብርጭቆ ወረቀት ነካ ካደረገው ምልክቱ አይለቅም።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሉል አብዛኛው በሰው እንክብካቤ የተመረተ ነው። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ኮኪቺ እ.ኤ.አ. በ1893 በግማሽ ክብ ሉል ካሳካው ወዲህ የተስፋፋ ሥራ ነው። በባሕር በሚመረተው ሉል ውስጥ ከዛጎል የተጠረበች ትንሽ ኳስ ትገባለች፤ እንስሳው እሷን ይሸፍናል። ሽፋኑ አንዳንድ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ የቀዳዳው አፍ አካባቢ በግዴለሽነት ከተነካ ሽፋኑ እንደ ቀለም ቅርፊት ይነሣል። ከቻይና የሚመጣው የወንዝና የሐይቅ ሉል ግን በአብዛኛው ኳስ የለውም፤ ሁለመናው ሽፋን ስለሆነ ለጥገና ይሻላል።

አርቴፊሻሉስ? እሱ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ኳስ ተቀብቶ የተሠራ ነው። ለመለየት በጥርስ ጫፍ ቀስ አድርጎ ማሸት ይበቃል፤ እውነተኛው እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ይላል፤ አርቴፊሻሉ ይንሸራተታል። ቀዳዳውንም በማጉያ መነጽር ማየት ነው፤ አርቴፊሻል ከሆነ ቀለሙ አፉ ላይ ተላጦ ከሥሩ መስታወቱ ወይም ፕላስቲኩ ይታያል። መለየቱ ለክብር አይደለም። የጥፍር ቀለም የምናስለቅቅበት አሴቶን የአርቴፊሻሉን ቀለም ወዲያው ገፎ ያነሣዋል፤ እውነተኛውንም ቢሆን አይጠቅመውም። በሁለቱም ላይ አሴቶን ሉሉ ራሱ ዘንድ መድረስ የለበትም።

ለምን ይወልቃል?

የጉትቻና የቀለበት ሉል ከዳር እስከ ዳር አይበሳም፤ እስከ ግማሹ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚበሳው። ከጌጡ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ ትነሣና እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ይህችን ሽቦ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ችካል እላታለሁ፤ ሥራዋ የድንኳን ችካል ሥራ ነውና። ውፍረቷ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባች ብንል ሙጫው የሚይዘው ጠቅላላ ስፋት 12 ካሬ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንዲት የምስር ፍሬ ፊት እምብዛም አይበልጥም። ነጠላ ሲጎትት፣ ስልክ ጆሮ ላይ ሲጫን፣ ሕፃን ሲስብ፣ ሁሉንም የምትችለው ያቺ የምስር ፊት ናት።

አንድ ያነጋገርኳቸው አዛውንት አንጥረኛ ዋናውን ነገር ያሳዩኝ ሉል የወለቀበትን ጉትቻ በወረንጦ አንሥተው ነው። ችካሏ ልሙጥ ነበረች፤ ታበራለች፤ ሙጫ የሚባል ነገር አልቀረባትም። ሙጫው ያለው ሉሉ ውስጥ ነው፤ የችካሏን ቅርጽ ይዞ እንደ ቱቦ ደርቋል። እንግዲህ ሙጫው አልተሰበረም፤ ሉሉንም አልለቀቀም። የለቀቀው ብረቱን ነው፤ ብረቱም የሚያስይዝ ነገር ስላልነበረው። እሳቸው እንደሚሉት ሉልን የሚይዘው ችካሉ ነው፤ ሙጫው ክፍተት ይሞላል እንጂ። እኔም ይህን ካየሁ በኋላ «የትኛው ሙጫ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ጥያቄ እንደሆነ ተረድቻለሁ። የመጀመሪያው «ሙጫው ምን ይጨብጣል?» ነው።

ያም ሆኖ ሁለተኛው ጥያቄ አይቀርምና ስለ ሙጫዎቹ እንነጋገር። በየሱቁ የሚሸጠው ሱፐር ግሉ በኬሚስትሪ ስሙ ሳያኖአክሪሌት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1942 በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ሃሪ ኩቨርና ባልደረቦቹ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ ያገኙት ነው፤ የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገራቸው ያኔ ተዉት፤ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የሚጠነክረው ዕቃው ላይ ባለች ጥቂት እርጥበት ነው፤ ለዚህ ነው ጣታችንን ቶሎ የሚያጣብቀው። ሁለት በደንብ የሚገጥሙ ገጾችን በስሱ ሲያገናኝ ጎበዝ ነው። ክፍተት መሙላት ላይ ግን ደካማ ነው፤ የሉል ቀዳዳና ችካል ደግሞ መካከላቸው ክፍተት አያጡም። ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል፤ መታ ሲያደርጉት አይለመጥም፤ ይሰነጠቃል። ለረጅም ጊዜ ላብና እርጥበት ሲያገኘውም ይዳከማል። በዚያ ላይ እየደረቀ ሳለ የሚወጣው ትነት ዙሪያው ላይ ነጭ ጉም ይተዋል፤ የሉልን ፊት እንዲህ ማደብዘዝ ምን ያደርጋል?

ለሉል የሚመረጠው ኢፖክሲ ነው፤ በሁለት ቱቦ የሚሸጠው። አንዱ ቱቦ ሬዚን ነው፤ ሁለተኛው ማጠንከሪያ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ በኬሚካላዊ ለውጥ ይጠነክራሉ እንጂ ውሃ ወይም ሌላ ነገር ተንኖ አይደለም የሚደርቁት። ስለዚህ ቀዳዳ ውስጥ ተዘግቶም ቢሆን ይጠነክራል፤ ክፍተቱንም ሞልቶ ይቀመጣል፤ ከሱፐር ግሉም የተሻለ መታገሥ አለው። «በ5 ደቂቃ የሚይዝ» የሚባል አለ፤ ቀስ ብሎ በሰዓታት የሚይዝም አለ። ጊዜ ላለው ሰው ቀስ የሚለው ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ ጥንካሬውም እርጥበት መቻሉም ይበልጣል። 5 ደቂቃ ማለትም ተንቀሳቅሶ አይወድቅም ማለት ነው እንጂ ጆሮ ላይ ይደረጋል ማለት አይደለም።

አሠራሩ

ከሁሉ በፊት ብየዳ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ይጠናቀቅ። ችካሉ ከተሰበረ ወይም የጉትቻው እግር ከተነቀለ ወርቅ ሰሪው ሉሉ በሌለበት ነው መበየድ ያለበት። ሉሉ እንዳለ እሳት ካቀረበበት ነገሩ አለቀ፤ የተቃጠለ ሉል አይመለስም።

ቀጥሎ አሮጌው ሙጫ መውጣት አለበት። አዲስ ሙጫ በአሮጌ ሙጫ ላይ መጨመር በአቧራ ላይ ቀለም እንደ መቀባት ነው። ከሉሉ ቀዳዳ ውስጥ የሚወጣው በቀዳዳው ልክ በሆነ ቀጭን ፑንታ፣ በጣት እየተዞረ ነው። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አይሆንም፤ ይሞቃል፤ አፉንም ይሸርፋል። ፑንታ የሌለው በወፍራም መርፌ ቀስ እያለ መፋቅ ይችላል፤ ሰዓት ይፈጃል እንጂ ይሆናል። የወጣው ዱቄት ሁሉ በደረቅ ጥጥ ይጠረግ። ችካሉ ግን ብረት ነውና አይፈራም፤ ሉሉ ራቅ ብሎ እስካለ ድረስ በአሴቶን ይጠረግ፤ በብርጭቆ ወረቀትም ይታሽ። ሉሉ በከፊል ብቻ ለቆ የሚነቃነቅ ከሆነ በፒንሳ መጎተት የለም። በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር፤ እምቢ ካለ ለባለሙያ መስጠት ነው።

አሁን ችካሉን ማሻከር ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው። በትንሽ ሞረድ ጠርዝ ችካሉን ዙሪያውን ሦስት አራት ቦታ ጫር ጫር ማድረግ ያስፈልጋል። ሙጫው እነዚያ ጭረቶች ውስጥ ገብቶ ሲጠነክር እንደ ብሎን ጥርስ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሉሉ እንዲወልቅ ሙጫው ራሱ መቆረጥ አለበት። ችካሉ ገና የሚሠራ ከሆነ አራት ማዕዘን ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት ከዚህም ይበልጣል። ከላይ ወደ ታችም አንዲት መስመር በሞረዱ ትሰመር። ይህቺ መስመር የአየር መውጫ ናት። ቀዳዳው ታችኛው ጫፉ ዝግ ስለሆነ ሉሉ ሲገፋ አየርና ሙጫ ውስጥ ይታፈናሉ፤ ቀጥ አድርገን አስቀምጠን ዞር ስንል የታፈነው አየር ሉሉን መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጠዋት ስናየው በሉሉና በመቀመጫው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት አለ፤ በዚያ ላብ ይገባል፤ ቅባት ይገባል።

ያለ ሙጫ ይሞከር። ሉሉ መቀመጫው ላይ ቁጭ ይላል? ወዲያ ወዲህ ይላል? ችካሉ ከረዘመ ጫፉ ይቆረጥ። ቀዳዳው ሰፍቶ የሚወላወል ከሆነ ግን ሙጫ አብዝቶ መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ ወፈር ያለ ችካል ማስበየድ ነው። ከዚያ በኋላ ችካሉ በአልኮል ይጠረግና በጣት አይነካ። ፀጉሩን ቅቤ የተቀባ ሰው የሚያደርገው ጉትቻ ከሆነ ይሄን መጥረግ ሁለት ጊዜ ቢደረግ አይበዛበትም።

ከሁለቱ ቱቦዎች እኩል እኩል ጠብታ፣ መመሪያው ሌላ መጠን ካላዘዘ በስተቀር፣ በመስታወት ቁራጭ ላይ ይጨመቅ። በስቴኪኒ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይማሰል፤ መስመር መስመር እየሠራ የሚታየው ነገር እስኪጠፋ ድረስ። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት የተለመደ ነው፤ ውጤቱ ግን ሁልጊዜ የሚለጠልጥ ደካማ ሙጫ ነው። በጣትም መንካት አይገባም፤ ኢፖክሲ ደጋግሞ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያመጣል። በስቴኪኒው ጫፍ ችካሉን በስሱ መቀባት፣ ቀዳዳው አፍ ላይ አንዲት ነጥብ ማድረግ፣ ከዚያ ሉሉን እያዞሩ መግፋት ነው። ቀዳዳውን በሙጫ መሙላት አያስፈልግም። የተረፈው በዙሪያው ወጣ ካለ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ሳይታይ ቀርቶ መጠንከር ከጀመረ ደግሞ እንደ ላስቲክ እስኪሆን ጠብቆ በጥፍር ማንሣት ይቻላል። በምላጭ አይሆንም፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል።

ጉትቻው ሉሉ ወደ ላይ ሆኖ እንዲቆም እግሩን ሩዝ በሞላበት ስኒ ውስጥ መትከል ነው። 24 ሰዓት አይነካ። ኢፖክሲ ብርድ ሲሆን ይዘገያል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ወይም በክረምት አዲስ አበባ ላይ ለሠራ ሰው ሁለት ቀን ቢጠብቅ ይሻለዋል። ለማሞቅ ተብሎ ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። «ደረቀ ወይ?» ብሎ ሉሉን መነቅነቅም አይገባም። የሚፈተነው መስታወቱ ላይ የተረፈው ሙጫ ነው፤ እሱ ጥፍር ካስገባ ሉሉ ውስጥ ያለውም ገና ነው።

ቀለበት ከጉትቻ የባሰ ነው። እጅ የማይነካው ነገር የለም፤ ጠረጴዛ፣ የበር እጀታ፣ ሳሙና፣ በረኪና። ለቀለበት ሉል ልሙጥ ችካል ሳይሆን ጥርስ ያወጣ ችካል ብቻ ነው የሚያዋጣው። ልብስም ሆነ ዕቃ ሲታጠብም ይውለቅ።

ስለ ሐብል

ብዙ ሰው ሐብሉ ሲበጠስም ሙጫ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ግን ሙጫ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። የሐብል ሉል ከዳር እስከ ዳር የተበሳ ነው፤ የሚይዘውም ክር ነው፤ ሐር ወይም ናይለን። በደንብ የተሠራ ሐብል በእያንዳንዱ ሉል መካከል ቋጠሮ አለው፤ ሉልና ሉል እንዳይፋተጉ፣ ቢበጠስም አንዱ ብቻ እንዲወድቅ። የተበጠሰ ክር በሱፐር ግሉ ሲቀጠል ክሩ ሙጫውን መጥጦ እንደ ሽቦ ይደርቃል፤ ከዚያ ደረቁ ከለስላሳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደገና ይበጠሳል። ሙጫው ወደ ቀዳዳው ከገባ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ክር የሚያልፍበት መንገድ የለም። የሚያዋጣው ሁሉንም አውጥቶ በአዲስ ክር መሰካት ነው። ሁልጊዜ የሚደረግ ሐብል በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይህ ቢደረግለት ደግ ነው። ሙጫ የሚፈቀደው መጨረሻው ቋጠሮ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም በመርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ፣ ሲደርቅ ከሚለመጥ ሙጫ።

በአዲስ ክር የተሰካ ሐብል ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ አይነከርም። ከተጠረገ በኋላም ክሩ እስኪደርቅ ድረስ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይተኛ፤ ከተሰቀለ እርጥቡ ክር በሉሎቹ ክብደት ይሳብና በቋጠሮዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል።